አንድ ቁልፍ ለሺህ በር፦ በቀይ ባሕር የተሰወሩ እንስሳትን በዘረመል የመለየት ጥረት

ከጅዳ በስተ ሰሜን፣ በቱወል ጠረፍ አቅራቢያ በሚገኙት የመርጃን አለቶች መካከል፣ የንጉሥ ዐብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የፕላስቲክ ሰሌዳዎችን ከባሕሩ ወለል ጋር አስረው ሲያኖሩ ቆይተዋል። እያንዳንዱ ሰሌዳ ጎኑ 22.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ዘጠኝ ሰሌዳዎች ጠባብ ክፍተት እየተተወላቸው በንብርብር ይደረደራሉ። ሲወርዱ ባዶ ናቸው፤ ከዓመት ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ሲወጡ ግን ስፖንጆች፣ ከጥፍር የማይበልጡ ሸርጣኖች፣ ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎችና ስማቸውን ማንም በእርግጠኝነት የማይናገርላቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ሞልተዋቸው ይገኛሉ።

በመርጃን አለት ላይ የሚዋኝ ሰው የሚያየው ዓሣውንና ቀለማሙን ኮራል ነው። ከሪፉ ነዋሪዎች የሚበዙት ግን የጀርባ አጥንት የሌላቸው፣ በስንጥቅና በጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። በቀይ ባሕር ጠረፍ አዳዲስ ከተሞችና የመዝናኛ ደሴቶች በሚገነቡበት በዚህ ዘመን፣ በባሕሩ ውስጥ ማን እንደነበረ አስቀድሞ ካልተመዘገበ፣ ኋላ ማን እንደጠፋ ማወቅ አይቻልም። ችግሩ እነዚህን ፍጥረታት በዐይን ለይቶ መሰየም የሚችሉት ሊቃውንት ጥቂት መሆናቸው ነው። የስፖንጅ ዐዋቂ ስለ ትል አይፈርድም፤ የሸርጣን ዐዋቂም ስለ ስፖንጅ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ በሰሌዳው ላይ ተጣብቆ የበቀለውን ሁሉ ፍቀው፣ ፈጭተው፣ ከድብልቁ ውስጥ ዲኤንኤውን ያወጣሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ለአንባቢው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የፒሲአር ውጤት ይዞ በአውሮፕላን ማረፊያ ያልተሰለፈ የባሕረ ሰላጤው ነዋሪ ጥቂት ነው። ፒሲአር የሚሠራው ፕራይመር በሚባሉ ሁለት አጫጭር የዲኤንኤ ቁራጮች ነው። አንደኛው ከሚፈለገው የዘረመል ክፍል በፊት፣ ሁለተኛው ከኋላው ይጣበቃሉ፤ በመካከላቸው ያለው ጽሑፍም በሚሊዮኖች ይባዛል። የኮሮናው ፕራይመር ለአንድ ቫይረስ ብቻ የተቀረጸ ቁልፍ ነበር። የባሕር ተመራማሪው የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፦ ከኮከብ ዓሣ እስከ ትል፣ ከሽሪምፕ እስከ ባለ ቅርፊቱ ሰደፍ፣ ዘራቸው ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተለያየ ፍጥረታትን ሁሉ የሚከፍት አንድ ቁልፍ።

እንዲህ ያለውን ቁልፍ እ.ኤ.አ. በ1994 ኦሌ ፎልመርና አራት ባልደረቦቹ አሳተሙ። በአሜሪካ ራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ይህ ጥናት ገጾቹ ጥቂት ናቸው፤ በባሕር ሥነ ሕይወት ግን እንደ እርሱ ደጋግሞ የተጠቀሰ ጽሑፍ ማግኘት ይከብዳል። የመረጡት ዘረመል በማይቶኮንድሪያ ውስጥ የሚገኘው ሲኦአይ ነው። ይህ ዘረመል ሕዋስ በኦክስጅን ኃይል የሚያመነጭበትን ፕሮቲን አንድ ክፍል ስለሚሠራ፣ እንስሳት ሁሉ ለማለት በሚቻል ደረጃ ያለ እርሱ መኖር አይችሉም፤ በመሆኑም አንዳንድ ስፍራዎቹ ከዝንብ እስከ ሰው እምብዛም አልተለወጡም። ተመራማሪዎቹ በጊዜው የታወቁትን የተለያዩ እንስሳት ጽሑፎች ጎን ለጎን አስቀምጠው እነዚያን ስፍራዎች ፈለጉ። አንዱን ፕራይመር በ25፣ ሌላውን በ26 የዲኤንኤ ፊደላት ቀረጹ። በሁለቱ መካከል የሚባዛው ክፍል 710 ፊደላት ያህል ሲሆን፣ ከመነሻና ከመድረሻው በተቃራኒ ውስጡ ከዝርያ ዝርያ የሚለያይ ነው። ቁልፉ በ11 ታላላቅ የእንስሳት ክፍሎች ላይ ሠራ። ኋላም እ.ኤ.አ. በ2003 የካናዳው ፖል ሄበርት እያንዳንዱን ዝርያ እንደ ሸቀጥ ባርኮድ በዚሁ ዘረመል ለመለየት ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ቁልፉ አስቀድሞ በእጅ ነበረ።

ይሁን እንጂ ለሁሉ የተባለው ቁልፍ ሁሉን አይከፍትም። ፕሮቲን የሚጻፈው በሦስት በሦስት ፊደላት ነው፤ ሦስተኛው ፊደል ብዙ ጊዜ ፕሮቲኑን ሳይነካ ሊለወጥ ይችላል። ፕሮቲኑ ባልተለወጠበት ስፍራ እንኳ ፊደላቱ እዚህም እዚያም ፈቀቅ ብለዋል። ፕራይመሩ፣ በተለይም ቅጂው በሚጀምርበት ጫፉ፣ ሁለት ሦስት ፊደላት ካልገጠሙለት አይጣበቅም፤ ወይም ደካማ ውጤት ይሰጣል። አንድ ሸርጣን ብቻውን ሲመረመር ይህ ጉዳት የለውም፤ ውጤት አልወጣም ተብሎ እንደገና ይሞከራል። በተፈጨው ድብልቅ ግን ማንም አያውቅም። ቁልፉ የገጠመላቸው እንስሳት ዲኤንኤ በብዛት ይባዛል፣ ያልገጠመላቸው ደግሞ ዝም ይላሉ፤ ዝምታቸውም በሰንጠረዡ ላይ «የለም» ተብሎ ይነበባል። በሕይወት ያለን ፍጥረት በወረቀት ላይ እንደ ማጥፋት ያለ ስሕተት ነው፤ ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ስሕተቱ ራሱን የማይገልጥ መሆኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ቡድኖች መፍትሔ አቀረቡ። በካሊፎርኒያ የሞስ ላንዲንግ የባሕር ቤተ ሙከራ ተመራማሪው ጆናታን ጌለርና ባልደረቦቹ የፎልመርን ፕራይመሮች እንደገና ቀረጹ። ፊደሉ በሚለዋወጥበት ቦታ አማራጭ ፊደላትን የያዙ ቅይጦች አስገቡ፤ በሌሎቹም ቦታዎች ከየትኛውም ፊደል ጋር ሊጣመር የሚችለውን ኢኖሲን የተባለ ሞለኪውል ተኩ። ማቲዩ ለሬይና ባልደረቦቹ ደግሞ በሙሬአ ደሴት የሪፍ ዓሦች ሆድ ውስጥ የተገኘውን ምግብ ለማጥናት 313 ፊደላት ብቻ የሚያነብ አጭር ቁልፍ አዘጋጁ። አጭር መሆኑ ጠቀሜታ አለው፤ በሆድ ውስጥ የተፈጨ እንስሳ ዲኤንኤ የተቆራረጠ ነውና። ግን የላላ ቁልፍም ዋጋ ያስከፍላል፦ ያልተፈለገውን የባክቴሪያና የአልጌ በር ጭምር ይከፍታል።

የመርጃን ነገር ደግሞ ለብቻው ነው። በኮራሎች ዘንድ ቁልፉ ይገባል፣ በሩም ይከፈታል፤ በውስጡ ግን የሚነበብ ልዩነት ጥቂት ነው። የኮራሎች የማይቶኮንድሪያ ዘረመል ከሌሎች እንስሳት እጅግ ዘገምተኛ በሆነ ፍጥነት ስለሚለወጥ፣ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ሪፉን የገነባው እንስሳ ራሱ በዚህ ባርኮድ በአግባቡ አለመለየቱ የሚያስገርም ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ጥንቁቅ ጥናቶች በአንድ ዘረመል ብቻ የማይረኩት፤ 18ኤስ የተባለውን የሕዋስ ኒውክለስ ዘረመል ጨምረው ያነባሉ። እርሱ ብዙ ወገኖችን ያቅፋል፤ ቅርብ የሆኑ ዝርያዎችን በመለየት ግን ከሲኦአይ ይደክማል።

የዘር ምልክት ምን ሊያደርግ እንደሚችል ቀይ ባሕር ራሱ ያሳየበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በዐቃባ ባሕረ ሰላጤና አካባቢው ግዙፍ ሰደፎችን ያጠኑ ሳይንቲስቶች፣ ከሚታወቁት ሁለቱ ጋር ሲቆጠር የኖረ ሦስተኛ ዝርያ መኖሩን በቅርፊቱና በማይቶኮንድሪያ ዘረመሉ ለይተው አስታወቁ። በአሁኑ የግዙፍ ሰደፎች ቁጥር ውስጥ የእርሱ ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነበር፤ በጥንታውያን ቅሪቶች ግን እስከ 80 በመቶ ይደርሳል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ይኸው ሰደፍ እ.ኤ.አ. በ1899 በኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ሽቱራኒ ስም ወጥቶለት የተረሳ መሆኑ ታወቀ። ከመቶ ዓመት በላይ ስም እያለው ስም እንደሌለው ኖሯል።

ይህ የስም ጉዳይ ከቁልፉ ጉዳይ ያነሰ አይደለም። ከሰሌዳዎቹ የሚነበቡት ጽሑፎች ትርጉም የሚያገኙት፣ ሊቃውንት በዐይን ለይተው ከሰየሟቸው እንስሳት ጽሑፍ ጋር ሲነጻጸሩ ነው፤ ከብዙዎቹ የቀይ ባሕር ጽሑፎች ጋር የሚመሳሰል የተሰየመ እንስሳ ደግሞ በመዝገብ የለም። እ.ኤ.አ. በ1762 ጅዳ የደረሰው ፔተር ፎርስኮል ለዓሦች ስም ሲያወጣ ዐረብኛውን መጠሪያ ይወስድ ነበር፤ «አቡደፍዱፍ» የተባለው የሪፍ ዓሣ ወገን ዛሬም በዓለም ሳይንስ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። በሰሌዳዎቹ ክፍተት ለሚኖሩት ጥቃቅን ፍጥረታት ግን ዓሣ አጥማጆችም ስም አላወጡላቸውም።

በዚህ ምክንያት ከሰሌዳው የሚገኘው ሁሉ አይፈጭም። ከ2 ሚሊ ሜትር የሚበልጡት ተንቀሳቃሽ እንስሳት አንድ በአንድ ተለቅመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ሥጋ ለዲኤንኤ ይወሰዳል፤ የቀረው አካል በአልኮል ውስጥ ቁጥር ተለጥፎበት ይቀመጣል። አንድ ቀን የዚያ ወገን ዐዋቂ መጥቶ ጠርሙሱን ሲከፍት፣ ጽሑፉ ቀድሞ ተነቧል፤ የቀረው ስሙ ብቻ ነው።