ቀስቱ የማያየው መንገድ

ዓባይ ባሕር ዳር ላይ ከጣና ሐይቅ ሲወጣ ፊቱን የሚያዞረው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ላይ ይወድቃል፤ ጎጃምን እንደ መቀነት በምሥራቅና በደቡብ ይዞራል፤ ከዚያ ወደ ምዕራብ ይታጠፍና በመጨረሻ ወደ ሰሜን ምዕራብ ቀና ብሎ ሱዳን ይገባል። በኢትዮጵያ ምድር የሚጓዘው 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተገነባው ደግሞ እዚያው ድንበሩ አጠገብ፣ ጉባ ላይ ነው። ይሁንና ካርታ ዘርግቶ ከባሕር ዳር እስከ ግድቡ ማስመሪያ የሚያጋድም ሰው የሚያገኘው 250 ኪሎ ሜትርን ጥቂት ያለፈ ርዝመት ነው።

ታዲያ ውሃው የሄደው ስንት ነው? 800 ወይስ 250? ሁለቱም ልክ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር ውሃው ምን ያህል መንገድ እንደፈጀ ይናገራል፤ ሁለተኛው ከተነሣበት ቦታ ምን ያህል እንደራቀ። ፊዚክስ የመጀመሪያውን ርቀት ይለዋል፤ ሁለተኛው የቦታ ለውጥ ነው፤ ተማሪዎች ዲስፕሌስመንት ሲሉ የምንሰማው ይኸው ነው። የቦታ ለውጥ ግን ከርዝመት በላይ አንድ ነገር ይፈልጋል። ከባሕር ዳር 250 ኪሎ ሜትር ስለራቀ ቦታ የተነገረው ሰው ወዴት እንደሆነ ካልተነገረው ጎንደርን አልፎ ሊፈልገው ይችላል፤ ወሎ ውስጥም ሊፈልገው ይችላል። ስለዚህ መጠኑ ከአቅጣጫው ጋር አብሮ መነገር አለበት። እንዲህ መጠንና አቅጣጫን ባንድ ላይ የያዘ ነገር ቬክተር ይባላል፤ ሲሣልም በቀስት ይሣላል። የቀስቱ ርዝመት መጠኑን፣ ጫፉ አቅጣጫውን ያሳያል። እንደ መጠነ ቁስ፣ እንደ ሙቀትና እንደ ጊዜ ያሉት አቅጣጫ የማያሻቸው ደግሞ ስካላር ናቸው።

ቦታ ያለ መነሻ አይነገርም

የቦታ ለውጥን ከማስላታችን በፊት ቦታን ራሱን በቁጥር መናገር አለብን። ለዚህ ሁለት ነገር እንመርጣለን፤ አንድ መነሻ ነጥብና አቅጣጫዎችን። መነሻችን አዲስ አበባ ትሁን። ወደ ምሥራቅና ወደ ሰሜን የሚሄደውን በመደመር ምልክት፣ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ የሚሄደውን በመቀነስ ምልክት እንጻፍ።

በኬንትሮስና በኬክሮስ ልኬት ተሰልቶ ሲጠጋጋ፣ ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ 285 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትገኛለች። የባሕር ዳር ቦታ እንግዲህ −150 እና +285 ተብሎ ይጻፋል። ግድቡ ደግሞ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ፣ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ነው፤ −400 እና +240 ማለት ነው። እነዚህ ጥንድ ቁጥሮች የቦታ ቬክተሮች ናቸው። ከአዲስ አበባ ተነሥተው አንዱ ባሕር ዳር፣ ሌላው ጉባ ላይ የሚያርፉ ሁለት ቀስቶች አድርገን ልንሥላቸው እንችላለን።

የቦታ ለውጥ የሚገኘው ከመድረሻው መነሻውን በመቀነስ ነው፤ ምዕራብና ምሥራቁን ለብቻ፣ ሰሜንና ደቡቡን ለብቻ። −400 ሲቀነስ −150 የሚሰጠን −250 ነው። 240 ሲቀነስ 285 ደግሞ −45 ነው። ዓባይ ከጣና እስከ ግድቡ ያደረገው የቦታ ለውጥ 250 ኪሎ ሜትር ወደ ምዕራብ፣ 45 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ሆነ። ሁለቱን በፓይታጎረስ ቀመር ስናጣምራቸው የቀስቱ ርዝመት 254 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ሙከራ ማድረግ ጥሩ ነው። መነሻ ነጥባችንን ከአዲስ አበባ አንሥተን ባሕር ዳር ላይ እንትከለው። የባሕር ዳር ቦታ ዜሮና ዜሮ ይሆናል፤ የግድቡም ቦታ −250 እና −45 ይሆናል። የቦታ ቁጥሮቹ ሁሉ ተለወጡ፤ ልዩነታቸው ግን ንቅንቅ አላለም። ካይሮን መነሻ ብናደርግም በተመሳሳይ ካርታ ላይ ያው ቀስት ይወጣል። ቦታ እንደ ለኪው ምርጫ ይለያያል፤ የቦታ ለውጥ ግን ለኪው የት እንደቆመ አይጠይቅም። የተፈጥሮ ሕግጋት በቦታ ለውጥ ላይ ተመሥርተው የሚጻፉት ለዚህ ነው፤ ሕጉ በአዲስ አበባና በካይሮ ሊለያይ አይችልምና።

800 ኪሎ ሜትሩ ወዴት ጠፋ ለሚለው መልሱ ያለው የቬክተር ድምር ውስጥ ነው። ወንዙን በትንንሽ ቁራጭ ቀስቶች ከፋፍለን አንዱን ከሌላው ጫፍ ላይ እየቀጠልን ብንደምር፣ መጀመሪያ ወደ ምሥራቅ የሄደውን ኋላ ወደ ምዕራብ የመጣው ያጣፋዋል፤ ወደ ደቡብ የወረደውንም አብዛኛውን ወደ ሰሜን የወጣው ይመልሰዋል። የሚተርፈው 254 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። የቦታ ለውጥ መጠን ከርቀት ሊበልጥ አይችልም። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ተጓዡ ሳይታጠፍና ሳይመለስ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ከሄደ ነው።

ካርታው ያልነገረን ሦስተኛ አቅጣጫም አለ፤ ወደ ላይና ወደ ታች። የጣና ውሃ ከባሕር ጠለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ግድቡ በቆመበት ሥፍራ የነበረው የወንዙ ወለል ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ነበር። ስለዚህ በቀስታችን ላይ 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል እንጨምራለን። ይህ ከ254 ኪሎ ሜትር አጠገብ ከቁጥር የማይገባ ይመስላል፤ የቀስቱን ርዝመት አሥር ሜትር እንኳ አያስረዝመውም። ውሃውን የሚያስኬደው ግን እርሱው ነው፤ ያ ቁልቁለት ባይኖር ዓባይ ከጣና ባልወጣም ነበር። የአንድ ቬክተር ትንሹ ክፍል የነገሩ ዋና ምክንያት ሊሆን ይችላል። ክፍሎቹን ለየብቻ መጻፍ ጥቅሙ ይህን ማሳየቱ ነው።

ጊዜ ሲጨመር

አሁን ጊዜን እናስገባ። አንድ ግንድ ጣና አፍ ላይ ውሃው ወሰደውና ግድቡ ወዳለበት ሥፍራ በ8 ቀን ደረሰ እንበል። 800 ኪሎ ሜትሩን ለ8 ስናካፍል በቀን 100 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ አማካይ ፍጥነት ነው፤ አቅጣጫ የለውም። የቦታ ለውጡን ለ8 ስናካፍል ግን በቀን 32 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ወደ ምዕራብ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለ ቀስት እናገኛለን። ይህ አማካይ ቬሎሲቲ ነው።

ጊዜ አቅጣጫ የሌለው አዎንታዊ ቁጥር ስለሆነ ቀስቱን ያሳጥረዋል ወይም ያስረዝመዋል እንጂ አያዞረውም። የአማካይ ቬሎሲቲ አቅጣጫ ሁልጊዜ ከቦታ ለውጡ አቅጣጫ ጋር አንድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሆኖም ግንዱ በመጀመሪያው ቀን የሚንሳፈፈው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ብቻ ለይተን ብናሰላ አማካይ ቬሎሲቲው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያመለክታል፤ ስምንቱን ቀን ባንድ ላይ ብናሰላ ወደ ምዕራብ ያመለክታል። ስለዚህ አማካይ ቬሎሲቲን ከየትኛው ሰዓት እስከ የትኛው ሰዓት እንደሆነ ሳይገልጹ መናገር ትርጉም የለውም።

ዜሮ ቬሎሲቲ ያለው ጀግና

ነገሩ በሩጫ ይበልጥ ይገርማል። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ 42.195 ኪሎ ሜትር የሮጠው በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሰከንድ ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.2 ሜትር፣ በሰዓት ደግሞ 18.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ውድድሩ የተጀመረው በካፒቶሊኖ ኮረብታ ሥር፣ የተጠናቀቀው በቆስጠንጢኖስ የድል ቅስት ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ቀጥታ ርቀት አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። አንድ ኪሎ ሜትር ሙሉ ነው ብለን ብናስብ እንኳ አማካይ ቬሎሲቲው በሰከንድ 13 ሳንቲ ሜትር አይደርስም። ከካፒቶሊኖ ተነሥቶ በቀጥታ እያዘገመ የሄደ ሽማግሌ በዚህ መለኪያ አበበን ይበልጠዋል።

ቀነኒሳ በቀለ ደግሞ ነሐሴ 20 ቀን 1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ክብረ ወሰኑም 15 ዓመት ጸንቶ ቆየ። አማካይ ፍጥነቱ በሰከንድ 6.34 ሜትር ነው። ሩጫው ግን 400 ሜትር በሆነ መም ላይ 25 ዙር ነው፤ መነሻውም መድረሻውም አንድ መስመር። በመደበኛ መም ላይ ሯጩ ግማሽ ዙር፣ ማለትም 200 ሜትር፣ ሲሮጥ ከመነሻው በቀጥታ 112 ሜትር ያህል ይርቃል፤ ዙሩን ሲጨርስ ያ ሁሉ ይጣፋል። የ25ቱ ዙር የቦታ ለውጥ ዜሮ፣ አማካይ ቬሎሲቲውም ዜሮ ነው። በስታዲየሙ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያይ ያመሸውም ተመልካች አማካይ ቬሎሲቲው ዜሮ ነው።

ይህ የፊዚክስ ስሕተት አይደለም። አማካይ ቬሎሲቲ የሚያውቀው ሦስት ነገር ነው፤ መነሻውን፣ መድረሻውንና በመካከል ያለፈውን ጊዜ። በመካከሉ ተጓዡ ይሩጥ፣ ይቁም ወይም ይዙር አያይም። ሯጭን ለመሸለም የተሠራ መለኪያ አይደለም፤ ለዚያ አማካይ ፍጥነት አለ። አንድ ነገር በስተመጨረሻ የት እንደሚገኝ ለማወቅ ግን ከእርሱ የተሻለ የለም፤ አማካይ ቬሎሲቲውን በጊዜው አባዝቶ በመነሻው ቦታ ላይ መደመር ብቻ ይበቃል።

ምድርም ስትሄድ

ይኸው ስሌት የአፋርን ምድር ለማጥናት ያገለግላል። ጥናቱን የሚያካሂዱ ሰዎች አለት ላይ የጂፒኤስ መቀበያ ይተክላሉ፤ የነጥቡን ቦታ በሦስቱም አቅጣጫ ይለካሉ። ከዓመታት በኋላ እንደገና ለክተው የመጀመሪያውን ከኋለኛው ይቀንሱና ለዓመታቱ ቁጥር ያካፍላሉ። በዚህ ዘዴ የዓረቢያና የአፍሪካ ምድር ቅርፊቶች በአፋር በኩል በዓመት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ቬሎሲቲ እንደሚራራቁ ታውቋል።

ይሁንና መሬቱ በየቀኑ እኩል አይራራቅም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ በተባለው አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው መስመር ላይ ቅልጥ ዓለት ከሥር ገብቶ፣ ምድሩ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር እያሉ ቢቆጥሩ 8 ሜትር የ400 ዓመት ጉዞ ነው። በመቶ ዓመታት የሚሰላው አማካይ ልክ ነው፤ የዚያን መስከረም ግን አያሳይም። ያን ለማየት የጊዜውን ክፍተት ከዓመታት ወደ ሳምንታት፣ ከሳምንታትም ወደ ቀናት ማጥበብ ያስፈልጋል። ክፍተቱን ያለማቋረጥ እያጠበቡ ሲሄዱ የሚደረስበት የቅጽበት ቬሎሲቲ ነው፤ የመኪና ፍጥነት መለኪያ የሚያሳየውም የዚህን መጠን ነው፤ አቅጣጫውን አይጨምርም።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ልጅ ያላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ተማሪ የሆናችሁ፣ ቀመር ከመጻፋችሁ በፊት ሥዕል ሣሉ። መነሻ ነጥቡን ምረጡ፤ የትኛው አቅጣጫ አዎንታዊ እንደሆነ ጻፉ፤ ሁለቱን ቦታዎች አስቀምጡና ከመጀመሪያው ወደ መጨረሻው አንድ ቀስት አስምሩ። ጥያቄው መንገዱን ከጠየቀ ርቀቱን፣ ቀስቱን ከጠየቀ የቦታ ለውጡን ለጊዜው አካፍሉ። በዚህ ርዕስ ላይ የሚሳሳት ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ስሌቱን ሳይሆን የተጠየቀውን ነው።