ፈራሚው ጣት፦ ዲጂታል መታወቂያ በፎገራ ሜዳ ስለ ማንነትና ስለ ገመና የሚያስነሣው ጥያቄ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወደ ደብረ ታቦር የሚያመራው መንገድ ከሚገነጠልበት ቦታ የምትገኘው ወረታ የፎገራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተዘረጋው ሜዳ በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች የሚተኙበት በመሆኑ፣ ከ1970ዎቹ ወዲህ እየተስፋፋ የሄደው የሩዝ እርሻ ከአካባቢው ዋና ዋና መተዳደሪያዎች አንዱ ሆኗል። ሩዝ የእጅ ሥራ የሚበዛበት ሰብል ነው። ገበሬው ከነቤተሰቡ ውሃ በያዘ ማሳ ውስጥ አጎንብሶ ያርማል፤ ሲደርስም በማጭድ ያጭዳል። ይህን ሲሠራ የኖረ ሰው መዳፍ ምን እንደሚመስል የአካባቢው መምህራን ሁሉ ያውቁታል። ዛሬ ግን ይኸው መዳፍ አንድ ተጨማሪ አገልግሎት እንዲሰጥ ተጠይቋል፤ በመስተዋት ላይ ተጭኖ ስለ ባለቤቱ ይመሰክር ዘንድ።

ፋይዳ በመባል የሚታወቀው ብሔራዊ ዲጂታል መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት አግኝቷል። ተመዝጋቢው ስሙን፣ የትውልድ ቀኑን፣ ጾታውንና አድራሻውን ካስመዘገበ በኋላ የፊቱ፣ የዐሥር ጣቶቹና የሁለት ዐይኖቹ ምስል ይወሰዳል፤ በመጨረሻም 12 አኃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። በብዙ የቀበሌ መታወቂያዎች ላይ ይሰፍር የነበረው የብሔር መጠይቅ በዚህ ውስጥ የለም። ባንኮች አዲስ ሒሳብ ለሚከፍት ደንበኛ ይህን ቁጥር መጠየቅ ጀምረዋል።

ስለ ሰውና ስለ መሣሪያ ጥምረት ሲወራ የብዙዎች ሐሳብ ወደ ብረት ክንድ ወይም በአንጎል ውስጥ ወደሚቀበር ረቂቅ መሣሪያ ይሄዳል። እነዚህ በእርግጥ አሉ፤ የልብን ምት የሚያስተካክል መሣሪያ በደረታቸው ውስጥ ይዘው የሚኖሩ ሰዎች ቁጥርም ጥቂት አይደለም። ይሁን እንጂ ለፎገራ ገበሬና ለልጆቹ ጥምረቱ የመጣው በዚህ መንገድ አይደለም። መሣሪያው ወደ ሰውነታቸው አልገባም፤ የሰውነታቸው ምልክት ነው ወደ መሣሪያው የገባው። አካል ሰነድ ሆነ ማለት ነው።

አሠራሩን መምህራን በትክክል ቢረዱት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ብዙ የተሳሳተ እምነት የሚመነጨው ካለመረዳት ነው። መሣሪያው ጣትን እንደ ሰው ዐይቶ «አወቅሁት» አይልም። በጣት ጫፍ ላይ ያሉት መስመሮች የሚያልቁባቸውንና የሚከፈሉባቸውን ነጥቦች ለቅሞ አቀማመጣቸውን ወደ ቁጥር ይለውጣል። የዐይንም እንዲሁ ነው፤ ብሌኑን የከበበው ባለቀለም ክፍል ያለው ጥልፍልፍ በቁጥር ይጻፋል። በኋላ ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ አዲሱ ቁጥር ከቀድሞው ጋር ይነጻጸርና የመመሳሰል ነጥብ ይወጣል። ነጥቡ አስቀድሞ ከተወሰነው ወለል በላይ ከሆነ «ነው»፣ ካነሰ «አይደለም» ይባላል። እንግዲህ ውጤቱ ግምት ነው። ወለሉ ከፍ ቢል እውነተኛው ባለቤት የሚመለስበት ጊዜ ይበዛል፤ ዝቅ ቢል ሌላው ሰው በእሱ ስም የሚያልፍበት ዕድል ይሰፋል። ስሕተቱን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ማዛወር ይቻላል እንጂ ፈጽሞ ማጥፋት አይቻልም። ይህን የሒሳብ መምህር ስለ ይሆናልነት በሚያስተምርበት ክፍለ ጊዜ ቢያነሣው፣ ከዳይና ከሳንቲም ምሳሌ ይልቅ ለተማሪው የሚቀርብ ይሆናል።

በጭቃ፣ በማጭድና በገለባ የተፋቀ ጣት መስመሮቹ ስለሚደበዝዙ ዝቅተኛ ነጥብ የማምጣቱ ዕድል ከጸሐፊ ጣት ይልቅ የበዛ ነው። በእጁ ብዙ የሠራ ሰው ማንነቱን በእጁ ለማስረዳት የሚቸገር መሆኑ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በእጅ ሥራ በሚተዳደሩ ሰዎች ዘንድ በልዩ ልዩ አገሮች የታየ ችግር ነው። የዐይን ምስል አብሮ የሚወሰደውም በከፊል ለዚህ ነው። የዐይን ሞራ የያዛቸው አዛውንት ደግሞ በዚያም በኩል ሊቸገሩ ይችላሉ።

የጣት አሻራ በአገራችን የራሱ ታሪክ አለው። ሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ዘማቾች ገበሬውን ከሚቀሰቅሱባቸው ነገሮች አንዱ በአውራ ጣት ከመፈረም መላቀቅ ነበር። በቀለም የተነከረ አውራ ጣት የመሃይምነት ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበርና፣ ስሙን መጻፍ የቻለ ጎልማሳ የመጀመሪያ ፊርማውን በኩራት ያኖር ነበር። ዛሬ የተማረውም ያልተማረውም እኩል ጣቱን ያስነሣል። ልዩነቱ ግን ከዚህ በላይ ነው። ፊርማ ሰው አስቦ የሚሰጠው ነገር ነው፤ እንቢ ሊልም፣ ሊለውጠውም ይችላል። አሻራ ግን ከፈቃድ ውጭ በየደረሰበት ይቀራል። የምስጢር ቁጥር ቢሰረቅ በሌላ ይተካል፤ የጣት ቅጂ ቢሰረቅ ሌላ ጣት አይገኝም።

እዚህ ላይ ቃላችን ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። «ማንነት» የሚለው ቃል «ማን ነህ?» ከሚል ጥያቄ የተገኘ ነው። መሣሪያው የሚጠይቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ «ባለፈው የመጣኸው ያው ነህን?» ይላል። የፎገራ ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አባቱን፣ አገሩን፣ አንዳንድ ጊዜም አጥቢያውን ይናገራል፤ የሚያውቁት ይመሰክሩለታል፤ ቢሳሳቱም ተከራክሮ ያርማቸዋል። ይህ ሥርዓት ጉድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ዘመድ የሌለው ስደተኛ፣ ከሰፈሩ የተጣላ ሰው፣ ባሏን ፈትታ የሄደች ሴት የሚመሰክርላቸው ሊያጡ ይችላሉ። በ1998 ክረምት የደረሰውን ጎርፍ የመሰለ መዓት በመጣ ጊዜም ወረቀት ከቤት ጋር ይሄዳል። ጣት ግን በጎርፍ አይወሰድም። በአማራ ክልል ከ1995 ወዲህ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን መያዙ ለብዙ ሴቶች መብት ማስከበሪያ እንደ ሆነ ሲታሰብ፣ ምስልን ከሰነድ ማጣመር በራሱ ክፉ አለመሆኑ ግልጽ ነው።

ችግሩ ጎልቶ የሚታየው በትምህርት ቤት መዝገብ ዘንድ ነው። አንድ ልጅ በቤት የሚጠራበት ስም ሌላ፣ በክርስትና የተሰጠው ሌላ፣ አንደኛ ክፍል ሲገባ የተመዘገበበት ሌላ ሊሆን ይችላል። አጎቱ ዘንድ ለመማር ወደ ወረታ የመጣ ተማሪ በአጎቱ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። «ኃይሉ» በሦስት ዐይነት «ሀ» ይጻፋል፤ በላቲን ፊደል ሲገለበጥማ የሚሆነውን መዝገብ ያዥ ይወቀው። የትውልድ ዘመን ደግሞ ከአንድ በዓል ወይም ከአንድ የጎርፍ ዓመት ተነሥቶ በግምት ይሞላል፤ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲለወጥም ሌላ ስሕተት ይጨመርበታል። እነዚህ ልዩነቶች በሰው መካከል ሲኖሩ ጉዳት አልነበራቸውም፤ ርእሰ መምህሩ ልጁን ስለሚያውቀው በአንድ ደብዳቤ ያቃናቸው ነበር። ከማይለወጥ አካል ጋር ሲታሰሩ ግን በ6 ዓመቱ በችኮላ የተጻፈ ስም ልጁን እስከ ምረቃው፣ ከዚያም እስከ ባንክ ሒሳቡ ይከተለዋል። ሐሰተኛ የምስክር ወረቀትን ለመከላከል የሚጠቅመው ጥብቅነት እውነተኛውን ባለቤት ሐሰተኛ ሊያስመስለው ይችላል።

ስለ ግል ሕይወት መጠበቅም እንዲሁ በቋንቋችን መነሣት ይሻላል። አማርኛ «ገመና» የሚል ቃል አለው። ገመና በአብዛኛው የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የቤት ነው፤ አባልዋ ያውቀዋል፣ ውጭ ግን አይወጣም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም በበኩሉ የሚጠብቁት ግን የግለሰቡን መብት ነው። በገጠር ቤት ሁለቱ ይጋጫሉ። በቤተሰቡ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ከሆነ የእናትየዋ የማረጋገጫ ቁጥር የሚመጣው በልጅዋ ስልክ ነው፤ የምታነብላትም እሱዋ ናት። ስልኩ የጎረቤት ሲሆን ደግሞ ገመናው ከቤት ወጣ ማለት ነው። መምህራንም ከዚህ አልራቁም፤ የተማሪዎችን ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ሰብስቦ ማስተላለፍ ለሥራ የቀለለ ቢሆንም፣ ምስሉ በስንት ሰው ስልክ ውስጥ እንደሚቀር የሚቆጣጠረው የለም።

የሕንድ ተሞክሮ ለዕቅድ አውጪዎች ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2010 መስጠት የተጀመረው አድሃር የተባለው መታወቂያ እንደ ፋይዳ 12 አኃዝ ያለውና በጣትና በዐይን ምስል ላይ የተመሠረተ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 የግል ሕይወት መጠበቅ መሠረታዊ መብት መሆኑን ወሰነ፤ በ2018 ደግሞ መታወቂያውን ለመንግሥት ድጎማ ሲያጸድቅ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ ግን ግዴታ ሊሆን እንደማይችል ፈረደ። ሕፃን ቁጥር ስለሌለው ከትምህርት ገበታ እንዳይመለስ ማለት ነው።

በአገራችን ሌላም የሚታሰብ ነገር አለ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ማንነትን በመስመር ብቻ የሚያረጋግጥ አሠራር በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰውየውን በአካል ፊት ለፊት እያየው «አላውቀውም» ለማለት ይገደዳል።

በመሆኑም የሰው ምስክርነት የሚገባበት በር መከፈት ይኖርበታል፤ በሩንም የሚጠብቀው በአብዛኛው ትምህርት ቤቱ ነው። ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በመመዝገቢያው ላይ ተማሪው ቀድሞ የተጠራባቸው ስሞች የሚሰፍሩበት አንድ ዐምድ፣ ዕድሜው በሰነድ ወይም በግምት መሞላቱን የሚያመለክት ሌላ ዐምድ፣ የለውጡን ምክንያትና የምስክሮቹን ስም የሚይዝ ሦስተኛ ዐምድ ቢጨመር፣ መሣሪያው «አይደለም» ያለው ልጅ ይዞት የሚቀርብ ማስረጃ ይኖረዋል። ዐምዶቹ መሞላት ያለባቸው ልጁ አንደኛ ክፍል በሚገባበት ቀን፣ ወላጁ ወይም አሳዳጊው በአጠገቡ ቆሞ ሳለ ነው፤ የፈተና ምዝገባ ሲደርስ ምስክሩ ሞቶ ወይም አገር ለቆ ሊሆን ይችላልና።