«የወፍ በሽታ» ከማለታችን በፊት፦ ጉበት በቆዳ ላይ የሚያሳያቸው ምልክቶች

ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ሲታይ «የወፍ በሽታ ይዞት ነው» ይባላል። የሌሊት ወፍ አመጣችው የሚልም አለ። ግን ቢጫነት ራሱ በሽታ ሳይሆን ምልክት ነው። የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ)፣ የሐሞት መስመር መዘጋት፣ ወባም ጭምር ሊያመጡት ይችላሉ። ሕክምናውም እንደ መነሻው ይለያያል።

ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ሊቆይ ይችላል። ቢጫነቱ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። እስከዛ ቆዳችን ላይ እነዚህ ሊታዩ ይችላሉ፦

👉 ሽፍታ የሌለው ማሳከክ፦ በተለይ መዳፍና ውስጥ እግር ላይ፣ ማታ ማታ የሚብስ። ሐሞት በደንብ ሳይፈስ ሲቀር የሚከሰት ነው።

👉 ሸረሪት የሚመስሉ ደም ስሮች፦ መሃሉ ቀይ ነጥብ፣ ዙሪያው ቀጫጭን እግር ያለው። ፊት፣ አንገትና ደረት ላይ ይወጣል። መሃሉን ስትጫኑት ይጠፋል፣ ስትለቁት ከመሃል ጀምሮ ተመልሶ ይሞላል።

👉 የመዳፍ መቅላት፦ በተለይ በአውራ ጣትና በትንሿ ጣት ሥር ያለው ሥጋማ ክፍል።

👉 ቶሎ መበለዝና መድማት፦ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ፕሮቲኖችን በአብዛኛው የሚሠራው ጉበት ነው። ሲደክም ትንሽ ግጭት ያበልዛል፣ ጥርስ ሲቦረሽ ድድ ይደማል።

👉 የጥፍር መንጣት፦ ጫፉ ላይ ቀጭን መስመር ብቻ ቀርቶ ሌላው ነጭ ይሆናል።

👉 ወንዶች ላይ የጡት ማበጥ፣ የብብትና የደረት ፀጉር መሳሳት፦ ከሆርሞን መዛባት ጋር ይያያዛል።

ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላትና ቢጫነት በቀላሉ አይለዩም። ስለዚህ በቀን ብርሃን የታችኛውን የዓይን ሽፋን ወደ ታች ሳብ አድርጋችሁ ነጩን ክፍል እዩ። ብዙዎቻችን ዓይናችን ዳር ላይ ቡናማ ነገር አለን፣ እሱ ችግር የለውም። በሽታው ሲሆን ግን በሽፋኑ የተደበቀውም ክፍል ቢጫ ነው። ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ደግሞ ጥርጣሬው ይጨምራል።

አንዱን ስላያችሁ ብቻ ግን አትደንግጡ። እርጉዝ ሴት መዳፏ ሊቀላ፣ ሸረሪት መሳዩም ሊወጣባት ይችላል። አንድ ሁለቱ ጤነኛ ሰው ላይም ይገኛል። ቁርጡን የሚነግራችሁ የደም ምርመራና አልትራሳውንድ ነው።

ምን እናድርግ?

የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ አድርጉ። በኢትዮጵያ የቢ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዛ በፊት የተወለደ ሰው በልጅነቱ ላይከተብ ይችላል። ነፃ ከሆናችሁ ተከተቡ። ቢ ቢገኝባችሁ በክትትልና በመድኃኒት መቆጣጠር ይቻላል፣ ሲ ደግሞ በጥቂት ወራት ኪኒን አብዛኛው ሰው ይድናል።

«ለወፍ» ተብሎ የሚሰጥ ሥራ ሥር ግን ይቅርባችሁ። የምንውጠው ሁሉ ጉበት ጋር ስለሚደርስ የደከመውን ይባስ ሊጎዳው ይችላል። አልኮልም እንደዛው።

🚨 ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የሆድ መነፋት ከትኩሳት ጋር፣ ግራ መጋባት ወይም ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ካለ ነገ አይባልም፣ በዛው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ዓይኑ ቢጫ ሆኖ «በራሱ ይለቀኛል» የሚል ሰው የምታውቁ ከሆነ ይህን ላኩለት።