ድምፅ አልባው ጎማ በኤልክ አገር

በምዕራብ አሜሪካ ተራሮች መስከረም የኤልክ ወር ነው። ወንዱ ኤልክ ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ረዥም ፉጨት የመሰለ ድምፅ እያሰማ ሴቶቹን ይሰበስባል፤ አዳኙም ያንን ድምፅ ተከትሎ ጫካ ይገባል። ኤልክን በአማርኛ አጋዘን ብሎ ማለፍ ያሳስታል። በአገራችን አጋዘን የምንላቸው እንስሳት ቀንዳቸውን ዕድሜ ልካቸውን ይዘው ይኖራሉ፤ ወንዱ ኤልክ ግን የከባድ ቅርንጫፍ ያህል የሆነውን ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። በኮሎራዶ ግዛት ብቻ ከ250 ሺህ የሚበልጡ ኤልኮች አሉ። እነዚህን እንስሳት ፍለጋ የሚወጣው ሰው ድሮ በእግሩ ወይም በፈረስ ይሄድ ነበር፤ ከዚያ ፒክአፕና ባለአራት ጎማ ሞተር መጣ፤ አሁን ደግሞ ወፍራም ጎማ ያለው የኤሌክትሪክ ብስክሌት በየመኪናው ጀርባ ተጭኖ ወደ ተራራው ይወጣል። ለብስክሌቱ የሚቀርበው ምስክርነት አንድ ዓይነት ነው፤ አይጮህም፣ አይጨስም፣ የሰው እግር መሬት ስለማይነካ ሽታ አይተውም፤ ስለዚህ እንስሳውን አይረብሽም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው። ሦስተኛው በከፊል ብቻ ልክ ነው፤ ዱካ ላይ የሚቀረው ሽታ ቢቀንስም ከሰው ገላ የሚነሳውን ሽታ ነፋስ ይወስደዋልና። “ስለዚህ” ተብሎ የተደመደመው ነገር ግን ማስረጃው ሲታይ አይጸናም።

ብስክሌቱ የሚወደድበትን ምክንያት ማቃለል አይገባም፤ የፊዚክስ ሕግ ከጎኑ ነው። ሜዳ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የሚያወጣው ጉልበት በእግሩ ቢሄድ ከሚያወጣው ሩብ ገደማ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው፤ በእያንዳንዱ እርምጃ ገላውን ወደ ላይ ማንሳትና መልሶ ማሳረፍ ይቀርለታልና። አቀበት ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 15 ኪሎ ዕቃ ተሸክሞ 25 ኪሎ በሚመዝን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ላይ ተቀምጧል እንበል። ይህን 120 ኪሎ 300 ሜትር ሽቅብ ለማውጣት 353 ሺህ ጁል፣ ማለትም 98 ዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ የጎማውና የአፈሩ ሰበቃ ገና ሳይቆጠር ነው። ጤነኛ የሆነ ነገር ግን ስፖርተኛ ያልሆነ ሰው ለረዥም ጊዜ ማውጣት የሚችለው 100 ዋት አካባቢ ስለሆነ፣ አቀበቱ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ሞተሩ 250 ዋት ሲጨምርለት ያው አቀበት በ17 ደቂቃ ያልቃል። 500 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ እንዲህ ያለ አቀበት ደጋግሞ ሊወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ የተራራው ብርድ የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ሊቲየም ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው የኬሚካል እንቅስቃሴ ስለሚዘገይ የሚሰጠው ኃይል ይቀንሳል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ከተደረገ ደግሞ ሊቲየሙ እንደ ብረት ሽፋን እየተጋገረ ባትሪውን ለዘለቄታው ይጎዳል። በኅዳር ብርድ ድንኳን ውስጥ የሚያድር አዳኝ ባትሪውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይዞ ቢተኛ አያስገርምም።

ሌላው ትልቅ ጥቅም የሚታየው ግዳይ ከተጣለ በኋላ ነው። ትልቅ ወንድ ኤልክ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ብልቱ ወጥቶ አጥንቱ ቢቀር እንኳ ወደ 90 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ ይተርፋል። መኪናው አምስት ኪሎ ሜትር ርቆ ከቆመ ብቻውን የሆነ አዳኝ ይህን ሥጋ በጀርባው ሦስት ጊዜ መመላለስ አለበት፤ ይህም የመጀመሪያው ባዶ ጉዞ ሲጨመር 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኤልክ ቆዳና ጠጉር ወፍራም ስለሆነ የገላው ሙቀት ቶሎ አይወጣም፤ ቀኑ ሞቃት ከሆነ በታፋው አጥንት ዙሪያ ያለው ሥጋ ቀድሞ ይበላሻል። ብስክሌቱ ከኋላው ትንሽ ጋሪ ቢጎትት ያንን ሁሉ በአንድ ወይም በሁለት ጉዞ ያወጣል። እንስሳ ገድሎ ሥጋውን ማባከን ነውርም ሕገ ወጥም በሆነበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እንግዲህ ጥያቄው ኤልኩ ምን ይላል የሚለው ነው። በኦሪጎን ግዛት ላ ግራንድ ከተማ አጠገብ፣ ብሉ ማውንቴንስ በሚባሉት ተራሮች ላይ፣ ስታርኪ የሚባል የምርምር ደን አለ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ ደን በረዥም አጥር ስለተከበበ ተመራማሪዎች የኤልኮችን እንቅስቃሴ በአንገታቸው ላይ ባሰሩላቸው መሣሪያ ቀንና ሌሊት ይከታተላሉ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (በአውሮፓ አቆጣጠር) እዚያው ደን ውስጥ አራት ዓይነት መንገደኞች እየተለዋወጡ በተወሰነላቸው መንገድ እንዲያልፉ ተደረገ፤ ባለአራት ጎማ ሞተር፣ የተራራ ብስክሌት፣ እግረኛና ፈረሰኛ። ኤልኮቹ ከአራቱም ሸሹ። ሆኖም ሽሽቱ እኩል አልነበረም፤ ብዙ የተንቀሳቀሱት ሞተሩ ሲመጣ ሲሆን ብስክሌቱ ሁለተኛ ነበር፤ እግረኛውና ፈረሰኛው ተከተሉ። ሞተሩ ሲያልፍ የግጦሽ ጊዜያቸው አጠረ፤ ብስክሌትና እግረኛ ሲያልፉ ደግሞ የሚያርፉበት ጊዜ አነሰ። ከዚሁ ደን በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ኤልኮቹ ከሰዎቹ በአማካይ ከ558 እስከ 879 ሜትር እንደሚርቁ አሳየ። ከሁሉ የሚርቁት ከሞተሩ ሆኖ ብስክሌቱ በሞተሩና በእግረኛው መካከል ነበር። እነዚያ ብስክሌቶች ሞተር የሌላቸው፣ በፔዳል ብቻ የሚሄዱ እንደነበሩ ልብ ይሏል።

ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ርቆ፣ በዛፍ ተጋርዶ፣ መንገደኛውን ሳያየው የሚሸሽ እንስሳ በሞተር ጩኸት ብቻ አይመራም። ኤልክ ሰው መኖሩን በሽታ፣ በጠጠር ድምፅ፣ በቅርንጫፍ ስብራት ያውቃል። የብስክሌቱ ጸጥታ ከሞተሩ የተሻለ ያደርገዋል፤ ፍጥነቱ ግን ከእግረኛው አስበልጦ አስፈሪ ያደርገዋል። ምክንያቱም በአራት ሰዓት ውስጥ እግረኛው 12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ባለብስክሌቱ 40 ወይም 50 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። ኤልክ በመንገዱ ግራና ቀኝ 600 ሜትር የሚለቅ ከሆነ፣ አሥር ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንገድ 12 ካሬ ኪሎ ሜትር ግጦሽና ማረፊያ ይወስዳል። አንድ ሰው በአንድ ጠዋት እግረኛው ከሚነካው ሦስት እጥፍ ሲነካ እንስሳው ወዴት ይሂድ? እኔ ዋናው የሚመስለኝ ይህ ነው። በዚህ አገር ኤልክን ሲጠብቅ የኖረው ትልቁ አጥር የሰው እግር ድካም ነበር፤ ባትሪው የሚያነሳው ያንን ድካም ነው።

በዚህ ላይ የሚነሳ ብርቱ ተቃውሞ አለ። የሚገደለው ኤልክ ብዛት በፈቃድ የተወሰነ ነው፤ ሰው በብስክሌትም ሄደ በእግሩ ቁጥሩ አይጨምርም ይላሉ። ስለ ቁጥሩ ልክ ናቸው እንበል። ጉዳቱ ግን በሞት ብቻ አይለካም። መሐል ደን ውስጥ ሰላም ያጣ መንጋ አደን ወደማይፈቀድበት የግል እርሻ ይወርዳል፤ የገበሬው ድርቆሽ ይበላል፤ በሕዝብ መሬት ላይ የቀረው አዳኝም ባዶ ሸለቆ ይቃኛል። በምዕራቡ ግዛቶች የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ስለዚህ ችግር ሲያወሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስለዚህ ርቆ መድረስ የቻለው አዳኝ የሚጎዳው ራሱንና ባልንጀሮቹን ጭምር ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ስለ ሽማግሌውና ጉልበቱ ስለታመመው አዳኝ ነው፤ ይህ ልብ የሚነካ ስለሆነ በአንድ ቃል ሊታለፍ አይገባውም። የአሜሪካ ሕግ አካል ጉዳተኛ በተሽከርካሪ ወንበሩ ጥብቅ የዱር ክልል ውስጥ እንኳ እንዲገባ ይፈቅዳል። ለአረጋውያንም ተለይተው የተከፈቱ መንገዶች ቢበዙ እደግፋለሁ። ለጥቂቶች የሚገባውን ለሁሉ መክፈት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሕጉም መለየቱን ያውቅበታል። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1964 የፈረሙት የዱር ክልል ሕግ በተከለሉት ቦታዎች ሞተርን ብቻ ሳይሆን ማንኛውንም ሜካኒካል መጓጓዣ ይከለክላል፤ ተራ ብስክሌትም፣ ሥጋ የሚጎተትበት ባለጎማ ጋሪም አይገባም። ከዚያ ውጭ ባሉት ብሔራዊ ደኖች የአሜሪካ የደን አገልግሎት የኤሌክትሪክ ብስክሌትን የሚቆጥረው ከሞተር ተሽከርካሪ ጋር ነው፤ ለሞተር በተዘጋ የደን መንገድ ላይ ተራው ብስክሌት የሚያልፍበት በር ለእሱ ዝግ ነው። በ2019 የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በሥሩ ባሉ መሬቶች ሌላ አቅጣጫ ያዘ፤ ከ750 ዋት በታች ሞተር ያላቸው ብስክሌቶች ተራው ብስክሌት በሚሄድበት እንዲሄዱ የየአካባቢው ኃላፊ ሊፈቅድ ይችላል። በዚህ የተነሳ አንድ አዳኝ አንዱን ሸለቆ ተሻግሮ ሌላው ውስጥ ሲገባ ሳያውቅ ሕግ ሊጥስ ይችላል። ሁለቱ መሥሪያ ቤቶች አንድ ቋንቋ ቢናገሩ ይበጃል፤ ከሁለቱ የደን አገልግሎቱ አቋም ከስታርኪ ማስረጃ ጋር ይበልጥ ይስማማል ባይ ነኝ።

ብስክሌቱ ቦታ የለውም ማለቴ አይደለም። ለመኪና በተከፈተ መንገድ ላይ ፒክአፑንና ባለአራት ጎማውን ሞተር ከተካ ለአየሩም፣ ለጆሮም፣ ለኤልኩም ይሻላል፤ ሥጋ ሲያወጣም ባለውለታ ነው። መንገዱ ሲያልቅ ግን እሱም ይብቃው። በዴንቨር አካባቢም ሆነ በሌላው የምዕራብ ግዛት የምትኖሩና ዘንድሮ ብስክሌት ይዛችሁ ወደ ተራራ ልትወጡ ያሰባችሁ አንባቢዎች፣ እያንዳንዱ ብሔራዊ ደን በነፃ የሚያወጣውን የሞተር ተሽከርካሪ መንገዶች ካርታ ከመነሳታችሁ በፊት ተመልከቱ፤ ካርታው ላይ ያልተሳለ መንገድ ጋ ስትደርሱ ብስክሌቱን ከዛፍ ጋር አስራችሁ የቀረውን በእግራችሁ ሂዱ።