ቲዩብ አምፕ ጎረቤት ሳያስቀይም፦ ሎድ ቦክስና አቴኑዌተር ምን ይሠራሉ?

ያገለገለ ባለ 50 ዋት ቲዩብ አምፕ ገዝታችሁ ኮንዶሚኒየም ቤታችሁ ገባችሁ እንበል። ቮልዩሙ 2 ላይ ሲሆን ድምፁ ቀጭንና ደረቅ ነው። 3 ላይ ስታደርጉት የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ኮርኒሱን በመጥረጊያ እንጨት መደብደብ ይጀምራል። ዩቲዩብ ላይ ሰምታችሁ የወደዳችሁት ያ ወፍራም፣ ጣት ስር የሚዘፍን ድምፅ ደግሞ ያለው 7 እና 8 ላይ ነው። እዛ ደግሞ ማንም አያደርሳችሁም።

ይሄ የእናንተ ችግር ብቻ አይደለም። ዓለም ላይ ያሉ ጊታሪስቶች ከ50 ዓመት በላይ ሲጨቃጨቁበት የኖሩት ነገር ነው፤ መፍትሔ ተብለው የሚሸጡት ዕቃዎች ግን በደንብ ካልገቧችሁ አምፑን ራሱን ሊያቃጥሉት ይችላሉ። ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

ቲዩብ አምፕ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቲዩቦች አሉ። ትንንሾቹ ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ሲግናል ያሳድጋሉ፤ ፕሪአምፕ የሚባለው ክፍል ይሄ ነው። ትልልቆቹ፣ ማለትም ፓወር ቲዩቦቹ፣ ስፒከር ለመግፋት የሚበቃ ጉልበት ይሰጡታል። በፓወር ቲዩቦቹና በስፒከሩ መሀል አውትፑት ትራንስፎርመር የሚባል ከባድ ብረት አለ። አምፑን ስታነሱት ወገባችሁን የሚይዛችሁ አንዱ ምክንያት እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚወደው ድምፅ የሚመጣው ፓወር ቲዩቦቹ አቅማቸው መጨረሻ ላይ ደርሰው ሲግናሉን መጭመቅና ማዛባት ሲጀምሩ ነው። እዛ ለመድረስ ደግሞ አምፑ መጮህ አለበት።

ታሪኩን ካየነው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ጂም ማርሻል ለንደን ውስጥ የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ነበረው፤ በ1962 የመጀመሪያውን የማርሻል አምፕ ከሠራተኞቹ ጋር ሠራ፣ መነሻቸውም የፌንደር ቤዝማን አምፕ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ የዘ ሁ ባንድ ልጆች፣ ፒት ታውንሴንድና ጆን ኤንትዊስል፣ «ይሄ አይበቃንም፣ ከዚህ የሚበልጥ ድምፅ እንፈልጋለን» የሚል ጥያቄ ይዘው መጡ። ባለ 100 ዋት ማርሻል የተወለደው በዚህ ጊዜ ነው። ያኔ የመድረክ ድምፅ ማጉያ ደካማ ስለነበር የጊታሩ አምፕ ራሱ አዳራሹን መሙላት ነበረበት። ታውንሴንድ በኋላ የመስማት ችግር እንደገጠመው በይፋ ተናግሯል። እንግዲህ እናንተ መኝታ ቤት ያስገባችሁት ዕቃ ለአዳራሽ የተሠራ ነው ማለት ነው።

«ማስተር ቮልዩም አለው አይደል?» የሚል ይኖራል። ማርሻል በ1975 ማስተር ቮልዩም ያለው 2203 የሚባል ሞዴል አውጥቷል፤ ዛሬ አብዛኛው አምፕ አለው። ማስተር ቮልዩም ግን የተቀመጠው በፕሪአምፑና በፓወር ቲዩቦቹ መሀል ነው። እሱን ስትቀንሱት ፕሪአምፑ ይዛባል እንጂ ፓወር ቲዩቦቹ ሥራ ይፈታሉ። ለሜታል ዓይነት ድምፅ ይሄ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ለድሮ ሮክና ብሉዝ ግን የሚጎድል ነገር አለ። በኢፌክት ሉፕ ውስጥ የሚሰኩት ትንንሽ የቮልዩም ሳጥኖችም ያው ማስተር ቮልዩም ናቸው። ርካሽ ስለሆኑ አቴኑዌተር ብለው ለሚሸጡላችሁ ሰዎች አትሸወዱ።

ሌላ መንገድ የሞከረው ኤዲ ቫን ሄለን ነው። ቫሪያክ በሚባል የቮልቴጅ መቀነሻ አምፑ የሚያገኘውን መብራት ወደ 90 ቮልት አካባቢ ያወርደው ነበር። መጀመሪያ ላይ ለጋዜጠኞች የሚናገረው ግን ቮልቴጁን ከፍ እንደሚያደርግ ነበር። ልጁ ቀልደኛ ነበር! በእናንተ አምፕ ላይ ግን አትሞክሩት።

ቀጥተኛውን መፍትሔ ገበያ ላይ ካወጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ ቶም ሾልዝ ነው። የቦስተን ባንድ ጊታሪስት ከመሆኑ በፊት ኤምአይቲ የተማረ፣ ፖላሮይድ ኩባንያ ውስጥ የሠራ ኢንጂነር ነበር። በ1980 ገደማ ፓወር ሶክ የሚባል ሳጥን መሸጥ ጀመረ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ አምፑን እንደፈለገ ይጩህ፣ ከስፒከሩ በፊት ግን አብዛኛውን ጉልበት የሚበላ ነገር እናስቀምጥ።

አቴኑዌተር ማለት ይሄው ነው። በአምፑና በስፒከሩ መሀል ይገባል፣ ጉልበቱን ወደ ሙቀት ይቀይረዋል፣ የተረፈችውን ለስፒከሩ ይሰጣል። ሎድ ቦክስ ደግሞ ጉልበቱን በሙሉ ይበላና ለስፒከር ምንም አይሰጥም፤ በምትኩ ወደ ሪከርዲንግ ካርድ ወይም ወደ ሄድፎን የሚሄድ ትንሽ ሲግናል ያወጣል። ሁለቱም በመሠረቱ እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ናቸው፤ ኤሌክትሪክ ይገባል፣ ሙቀት ይወጣል። ባለ 50 ዋት አምፕ ሲጋለብ ሳጥኑ እጅ የሚያቃጥል ሊሆን ይችላል። ብርድ ልብስ ላይ ወይም መጋረጃ ሥር አይቀመጥም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ሒሳብ እዚህ ላይ እናምጣው። «100 ዋት ስለሚጮህ 10 ዋት ልግዛ፣ አሥር እጥፍ ይቀንሳል» የሚል ሰው አለ። አይቀንስም። ጉልበቱ ከ100 ወደ 10 ዋት ሲወርድ ልዩነቱ 10 ዴሲቤል ነው፣ ለጆሯችን ደግሞ ይሄ በግምት ግማሽ ያህል መቀነስ ነው። ወደ 1 ዋት ብትወርዱ እንኳ ሩብ ያህል ሆኖ ነው የሚሰማችሁ። ሴለስሽን ቪንቴጅ 30 የሚባለው ታዋቂ ስፒከር በ1 ዋት ብቻ፣ አንድ ሜትር ርቀት ላይ 100 ዴሲቤል ያወጣል። አንድ ዋት!

100 ዴሲቤል ምን ያህል ነው? የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ናዮሽ ለሠራተኞች የሚመክረው ጣሪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ 100 ዴሲቤል ላይ ያላችሁ ጊዜ 15 ደቂቃ ነው። በየቀኑ ሁለት ሰዓት የሚለማመድ ልጅ ጆሮው ምን እንደሚሆን አስቡት። የተጎዳ ጆሮ ደግሞ እንደ ቲዩብ አዲስ አይገዛለትም።

ቤት ውስጥ ቲቪ የሚያህል ድምፅ፣ 70 ዴሲቤል ገደማ፣ ብትፈልጉ ለዚያ ስፒከር የሚያስፈልገው የአንድ ዋት አንድ ሺኛ ነው። ስለዚህ ባለ 50 ዋት አምፕ እየጮኸ በ70 ዴሲቤል ለመጫወት ወደ 47 ዴሲቤል ያህል መቀነስ አለባችሁ። ተራ አቴኑዌተር ጥሩ ሆኖ የሚሠራው ትንሽ ስትቀንሱ ነው፤ ለክለብ ወይም ለባንድ ልምምድ ድንቅ ነው። ወደ መኝታ ቤት ደረጃ ሲወርድ ግን ድምፁ ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ለምን?

አንዱ ምክንያት ዕቃው ሳይሆን ጆሯችን ነው። ፍሌቸርና ማንሰን የሚባሉ የቤል ላብስ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ሲቀንስ ጆሯችን ወፍራሙንና ቀጭኑን ከመሀለኛው ይበልጥ ያጣል። ሁለተኛው ምክንያት ስፒከሩ ራሱ ነው፤ በኃይል ሲገፋ ወረቀቱ የራሱን ቀለም ይጨምር ነበር፣ አሁን ግን ተኝቷል። ሦስተኛው ግን ስትገዙ ልታስተካክሉት የምትችሉት ነው።

ስፒከር «8 ኦም» ተብሎ ይጻፍበታል እንጂ ሁልጊዜ 8 ኦም አይደለም። ወፍራሙ ድምፅ አካባቢ፣ ስፒከሩ በራሱ በሚንቀጠቀጥበት ቦታ፣ በጣም ከፍ ይላል፤ መሀሉ ላይ ይወርዳል፤ ወደ ቀጭኑ ሲሄድ እንደገና ይወጣል። ቲዩብ አምፕ ይሄን ውጣ ውረድ ይሰማዋል። ኦሙ ከፍ ባለበት ቦታ ብዙ ቮልቴጅ ይሰጣል፣ ስለዚህ ቤዙ ይገፋል፣ ቀጭኑም ያበራል። ተራ ሬዚስተር ብቻ ያለበት ሳጥን ግን ከላይ እስከ ታች 8 ኦም ነው፣ ለአምፑ ምንም አይመልስለትም። ውጤቱ ጠፍጣፋ ድምፅ ነው። ሪአክቲቭ ሎድ የሚባለው ዓይነት በውስጡ ኮይልና ካፓሲተር ጨምሮ የስፒከሩን ባሕርይ ለማስመሰል ይሞክራል። ልዩነቱ ሲሰማም፣ ከጣት ሥር ሲነካም ይታወቃል። ዋጋው ግን ያማል፤ አንዳንዴ ከትንሽ አምፕ ዋጋ ጋር ይስተካከላል። ዌበር የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ደግሞ ወረቀቱ የወጣ እውነተኛ የስፒከር ሞተር ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ይሸጣል። ቀላልና ብልህ ነገር ነው፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ሐሳብ እሱን ነው።

በሄድፎን ብቻ ለሚጫወት ወይም ቤት ውስጥ ለሚቀዳ ሰው ሎድ ቦክስ ይሻላል። አንድ ነገር ግን አለ፦ ከሎድ ቦክስ የሚወጣውን ጥሬ ሲግናል በቀጥታ ብትሰሙት ጠርሙስ ውስጥ የተያዘ ንብ ይመስላል። የጊታር ስፒከር ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በአብዛኛው ይቆርጠዋል፤ ስፒከር ሲጠፋ ያ ቆራጭም አብሮ ጠፋ። ይሄን የሚተካው አይአር ነው። የአንድ ስፒከር ሳጥንና የማይክ የድምፅ አሻራ በሏት፣ ትንሽዬ ፋይል ናት። የፈረንሳዩ ቱ ኖትስ ካፕተር ኤክስ ይሄን በውስጡ ይዟል፣ በስልክ ወይም በታብሌት አፕ ይስተካከላል። ሌሎቹ ደግሞ፣ ለምሳሌ ፍራየት ፓወር ስቴሽንና የቦስ ዋዛ ቲዩብ አምፕ ኤክስፓንደር፣ የአምፑን ጉልበት በልተው ሲግናሉን በራሳቸው ማጉያ እንደገና ወደ ስፒከር ይልኩታል። በጣም ዝቅ ብሎ ለመጫወት ከተራ አቴኑዌተር የተሻሉት እነዚህ ናቸው።

አሁን ዋናው። ቲዩብ አምፕ ስፒከር ወይም ሎድ ሳይሰካበት በፍጹም አይጫወትም። አውትፑት ትራንስፎርመሩ ያጠራቀመው ጉልበት መውጫ ሲያጣ ቮልቴጁ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ ሽቦው ውስጥ ወይም ቲዩቡ ሶኬት ላይ ብልጭታ ይፈጠራል፤ ትራንስፎርመሩ ሄደ ማለት ነው። አምፑ ውስጥ ካሉ ውድ ዕቃዎች አንዱ እሱ ነው። በተለይ ይሄን ልብ በሉ፦ አይአር ያላቸው ፔዳሎችና አንዳንድ የዲአይ ሳጥኖች «ካብ ሲሙሌተር» ተብለው ይሸጣሉ፣ ብዙዎቹ ግን ውስጣቸው ሎድ የለም። ማንዋሉ ላይ ሎድ እንዳለው በግልጽ ካልተጻፈ የለውም ብላችሁ ያዙ።

ስትገዙ የሳጥኑን ኦም ከአምፑ የስፒከር መውጫ ኦም ጋር አመሳስሉ፤ 8 ከሆነ 8፣ 16 ከሆነ 16። ዋቱን ደግሞ ከአምፑ በላይ አድርጉት። «50 ዋት» የሚባለው ንጹሕ ሆኖ ሲጫወት ነው፤ ሙሉ በሙሉ ሲዛባ ወደ እጥፉ ሊጠጋ ይችላል፣ ስለዚህ ባለ 100 ዋት ሳጥን ነው የሚያስተኛችሁ። ከአምፑ ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ገመድ የስፒከር ገመድ መሆን አለበት። ጃኩ ከጊታር ገመድ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ይሳሳታሉ፤ የጊታር ገመድ ውስጡ ቀጭን ነው፣ ሊግልና ሊቀልጥ ይችላል፣ ሲበጠስ ደግሞ ተመልሰን ሎድ የሌለው አምፕ ላይ ነን።

ሬዚስተር ገዝቶ በራሱ መሥራት የሚፈልግ ካለ ሳጥኑን ይሥራ፣ አምፑን ግን አይክፈተው። ውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፣ ካፓሲተሮቹ ደግሞ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ይዘውት ይቆያሉ።

ዘመድ ከአሜሪካ አምፕ ሊልክላችሁ ከሆነ ደግሞ ሎድ ቦክሱን ከማሰባችሁ በፊት የአምፑን ጀርባ ፎቶ አስልኩ። እዛ ያለው መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። መቀየሪያ ከሌለው መጀመሪያ የምትገዙት ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ነው። በሎድ ቦክስ ዝም ያለ አምፕም ቲዩቡን እየበላ ስለሆነ፣ ልምምዱ ሲያልቅ ማጥፋት አትርሱ፤ ድምፅ ስለሌለው ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ሊያድር ይችላል።