ሳትያጂት ሬይ፦ ሙያ በሙያ ላይ የደረበ ሰው

የአንድ ሰው ስም በድርሰትም፣ በዝግጅትም፣ በሙዚቃም ላይ ተደጋግሞ የተጻፈበት ፊልም ሳይ መጀመሪያ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?» የሚል ነው። የህንዳዊውን የሳትያጂት ሬይን ሥራ ለተከታተለ ግን መልሱ ቀላል አይደለም። እያንዳንዱን ሙያ የጨመረው በምክንያት ነበርና።

ሬይ በ1921 (ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በካልካታ ከታወቀ የጸሐፊዎችና የአታሚዎች ቤተሰብ ተወለደ። ከ1943 ጀምሮ በአንድ የእንግሊዝ ማስታወቂያ ድርጅት በሠዓሊነት እየሠራ፣ ጎን ለጎን የመጻሕፍት ሽፋን ይሥል ነበር። «ፓተር ፓንቻሊ» ለተሰኘው ልብ ወለድ የልጆች እትም ሥዕል ሲሠራ ታሪኩ ለፊልም እንደሚሆን ታየው። በ1950 ለንደን ሳለ የተመለከተው የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ደግሞ ያለ ታዋቂ ተዋንያንና ያለ ትልቅ ስቱዲዮ ፊልም መሥራት እንደሚቻል አሳመነው።

ቀረጻው በ1952 ሲጀመር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው አልነበረም። ሬይ የሕይወት ኢንሹራንሱንና የባለቤቱን ጌጣጌጥ አስይዞ፣ የሙዚቃ ሸክላዎቹን ሸጦ ገፋበት። በመጨረሻ የምዕራብ ቤንጋል መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶት ፊልሙ በ1955 ለእይታ በቃ፤ በተከታዩ ዓመትም በካን ፌስቲቫል ተሸለመ።

የመጀመሪያዎቹን ፊልሞች ሙዚቃ የሠሩለት እነ ራቪ ሻንካር፣ ቪላያት ካንና አሊ አክባር ካን ነበሩ። ሦስቱም የሙዚቃ ሊቃውንት ናቸው፤ ይሁንና ጊዜያቸው የተጣበበ ከመሆኑም በላይ ከፊልሙ ይልቅ ለሙዚቃው ያደሉ ነበር። ስለዚህ ከ1961 ጀምሮ ሙዚቃውን ራሱ ይደርስ ገባ። በዚያው ዓመት አያቱ የመሠረቱትን «ሳንዴሽ» የተባለ የልጆች መጽሔት ከሌሎች ጋር ሆኖ ዳግም አስጀመረ። የመርማሪው የፌሉዳ ታሪኮች መታተም የጀመሩትም በዚሁ መጽሔት ነው። ፊልም ብዙ በማያስገባበት ጊዜ የመጻሕፍቱ ገቢ ደግፎታል።

ከ«ቻሩላታ» (1964) ወዲህ ካሜራውንም ራሱ ያዘ። እዚህ ላይ ግን ሙያን የመደራረብ ሌላው ገጽ ይታያል። በ«ፓተር ፓንቻሊ» ጊዜ የ21 ዓመት ወጣት የነበረው፣ ከዚያ በፊት የፊልም ካሜራ ይዞ የማያውቀው ሱብራታ ሚትራ የሬይን የመጀመሪያ ፊልሞች ብርሃን የቀረጸ ባለሙያ ነው። ዳይሬክተሩ በካሜራው ሲመለከት ለካሜራ ባለሙያው የሚቀረው ቦታ መጥበቡ አይቀርም። ሁለቱ አብረው የሠሩት የመጨረሻው ፊልም በ1966 የወጣው «ናያክ» ሆነ። በአንጻሩ ኤዲተሩ ዱላል ዱታ እስከ መጨረሻው ድረስ አልተለየውም።

ሬይ በ1992 የክብር ኦስካሩን የሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ተቀበለ፤ ከሳምንታት በኋላም አረፈ። እኔ ከዚህ ሕይወት የምረዳው ብዙ ሙያ መያዝ በራሱ ጥበብም ድፍረትም እንዳልሆነ ነው። ሬይ የተሳካለት አንዱን ሙያ በቅጡ ሳያውቅ ወደ ሌላው ስላልዘለለ፣ በማይችለው ቦታ ላይም የሚችል ሰው ስላስቀመጠ ይመስለኛል።