ለትልቅ ውሻ የሚሆን መኪና፦ ከሊትሩ ይልቅ ልኩ

የመኪና አምራቾች የኋላ ዕቃ መጫኛን ስፋት በሊትር ይገልጻሉ። ትልቅ ውሻ ላለው ገዢ ግን ይህ ቁጥር ብቻውን አይበቃም፤ የኋላ መስታወቱ ወደ ፊት ያዘነበለ መኪና ብዙ ሊትር እየያዘም ለቆመ ውሻ ሊያጥር ይችላል። ወንድ የጀርመን እረኛ ውሻ እስከ ትከሻው ብቻ ከ60 እስከ 65 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ውሻው ቆሞ እስከ አናቱ፣ ተኝቶም ርዝመቱ ይለካ፤ ልኩም ከመጫኛው ወለል፣ ከጣሪያውና ከበሩ ከፍታ ጋር ይነጻጸር። ወለሉ ለመሬት የቀረበ ከሆነ ላረጀ ውሻ መገጣጠሚያዎች እረፍት ነው።

ሰፊ ቦታ ብቻውን ግን ደኅንነት አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ተጋጭቶ በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ ያልታሰረ ውሻ በነበረበት ፍጥነት ወደ ፊት ይወረወራል። 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ውሻን በዚያችው ቅጽበት ለመግታት የክብደቱን 14 እጥፍ ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህም የ560 ኪሎ ግራም ሸክም ያህል ነው። የሰው ክንድ ይህን አይችልም።

እንግዲህ ከመኪናው አካል ጋር በጽኑ የሚታሰር ሳጥን ወይም የብረት መከለያ የሚገጠምበት ቦታ መኖሩ ከመግዛት በፊት ይረጋገጥ። ወደ ሻጩ ሲኬድም ውሻውና የመለኪያ ሜትሩ አብረው ይሂዱ።